ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ የብርቱካንና የሎሚ ኬክ፦ በቤት ውስጥ ደረጃ በደረጃ

«እናቴ ስኳር አለባት። በበዓል ቀን ኬክ ሲቆረስ እሷ ቡናዋን ብቻ ይዛ ትቀመጣለች። ምን ልጋግርላት?»

በዓል በተቃረበ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይደርሰኛል። ጠያቂው አንዳንዴ ለአባቱ ነው፣ አንዳንዴ ለራሱ። ተከትሎ የሚመጣውም አንድ ነው፦ «በጤፍ ዱቄትና በማር ብሠራውስ?» አይሆንም። ጤፍ ግሉተን (የስንዴን ሊጥ የሚያያይዘው ፕሮቲን) የለውም እንጂ ካርቦሃይድሬቱ ከስንዴ ብዙም አይለይም፤ 100 ግራም ዱቄት ውስጥ 70 ግራም ያህል አለ። ማርም ከ100 ግራሙ 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። ሁለቱም ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆኑም።

የሚሆነው የአልመንድ ዱቄት ነው። ከ100 ግራሙ ፋይበሩ ሲቀነስ የሚቀረው ካርቦሃይድሬት 10 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር 10 ቁራሽ ያወጣል። ፋይበሩንና ኤሪትሪቶሉን (በስኳር ፋንታ የምናስገባውን ማጣፈጫ) ሳንቆጥር አንዱ ቁራሽ 3 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይይዛል። በስንዴ ዱቄትና በስኳር የሚሠራው ተመሳሳይ ኬክ ግን ቁራሹ ከ35 ግራም በላይ ይደርሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የብርቱካንም የሎሚም ጠረን ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ጭማቂው በአብዛኛው ውሃ፣ አሲድና ስኳር ነው። «ብርቱካን ብርቱካን እንዲል» ብላችሁ ጭማቂ ስትጨምሩ ስኳሩ ይጨምራል፣ ኬኩ መሃሉ ላይ ይረጥባል፣ ጠረኑ ግን ያው ነው። ከዚህ በታች የምትሠሩት ሁሉ ጠረኑን ከልጣጩ አውጥቶ ኬኩ ውስጥ ለማቆየት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የአልመንድ ዱቄት፦ 250 ግራም
- እንቁላል፦ 5 ትልልቅ (ያለ ቅርፊቱ 250 ግራም)
- ጨው የሌለበት የገበታ ቅቤ፦ 100 ግራም
- የላመ ኤሪትሪቶል፦ 120 ግራም
- ብርቱካን፦ 2 (ልጣጩ ብቻ)
- ሎሚ፦ 4 ወይም 5 ትንንሽ (ልጣጩና 3 የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ)
- ቤኪንግ ፓውደር፦ አዲስ አበባ 1 ከሩብ የሻይ ማንኪያ፤ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ 2 የሻይ ማንኪያ
- ጨው፦ ሩብ የሻይ ማንኪያ
- ቫኒላ፦ 1 የሻይ ማንኪያ

ከዕቃ ደግሞ ሚዛን፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የኬክ መጋገሪያ፣ የመጋገሪያ ወረቀት፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መፈቅፈቂያ፣ ወንፊት፣ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፣ ሚክሰር ወይም የእጅ መምቻ፣ ፎይልና ስቴኪኒ። ሚዛን ከሌላችሁ ተውሳችሁም ቢሆን አምጡ። የአልመንድ ዱቄት በኩባያ ሲለካ ጠቅጠቅ ካደረጋችሁት ብዙ ይገባል፣ ካላደረጋችሁት ትንሽ ይገባል። በዚህ ኬክ ላይ የ50 ግራም ልዩነት ደረቅ ያደርገዋል ወይም ሊጥ አድርጎ ያስቀረዋል።

ስለ ዕቃዎቹ ማወቅ ያለባችሁ

አልመንድ ስል ኦቾሎኒ ማለቴ አይደለም። እኛ ጋ «ለውዝ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኦቾሎኒ ስለሆነ፣ ሱቅ ስትሄዱ «አልመንድ» ብላችሁ ጠይቁ። የኦቾሎኒ ካርቦሃይድሬቱም ትንሽ ነው፤ በዚያ በኩል ችግር የለበትም። ችግሩ ጣዕሙ ነው። ብርቱካኑን ይውጠዋል።

የተፈጨ ካላገኛችሁ ቤት ውስጥ ይፈጫል። ጥሬውን አልመንድ የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል አቆዩት፤ ቅርፊቱ በጣት ሲጫኑት ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ ጨርቅ ላይ አስጥታችሁ አሳድሩት። ፍጹም መድረቅ አለበት። እርጥብ ከሆነ ሲፈጭ ዱቄት መሆኑ ቀርቶ እንደ ሊጥ ይሆናል። 100 ግራም 100 ግራም እያደረጋችሁ፣ መፍጫውን ለአጭር ጊዜ እያስነሳችሁና እያቆማችሁ ፍጩት። ሳታቋርጡ ከፈጫችሁት ይሞቅና ዘይቱ ይወጣል፣ እንደ ኦቾሎኒ ቅቤም ይሆናል። በወንፊት ነፍታችሁ የቀረውን ሻካራ እንደገና ፍጩ።

ወፍጮ ቤት አትውሰዱት። ከእናንተ በፊት የተፈጨው ስንዴ ወይም በቆሎ ይቀላቀልበታል። ቡና ወይም በርበሬ የሚፈጭበት መፍጫም አይሆንም። እኔ አንዴ የቡናውን መፍጫ ሁለት ጊዜ አጥቤ ተጠቀምኩበት፤ ኬኩ ከኦቨን ሲወጣ ከሎሚው ቀድሞ የሸተተኝ ቡናው ነው።

ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን። የአገር ቤት ቅቤ ያልተነጠረው እንኳ የራሱ ኃይለኛ ጠረን አለው፤ ሎሚውን ይሸፍነዋል።

እንቁላሉ የሐበሻ ከሆነ በቁጥር አትሂዱ፤ ትንንሽ ነው። ሰብራችሁ ሚዛን ላይ 250 ግራም እስኪሞላ ጨምሩ። እዚህ ኬክ ውስጥ ግሉተን ስለሌለ አያይዞ የሚያቆመው እንቁላሉ ብቻ ነው። እሱ ሲያንስ ኬኩ በቢላ ስትነኩት ይፈርሳል። «የጾም ላድርገው?» ለሚሉኝም መልሴ ከዚሁ ይመነጫል፦ ይህ አሠራር የፍስክ ነው። እንቁላሉን አውጥታችሁ በተልባ ብትተኩት ቅርጹን አይዝም።

ማጣፈጫው ኤሪትሪቶል ነው። ሰውነት አብዛኛውን ሳይጠቀምበት በሽንት ስለሚያስወጣው የደም ስኳርን አያነሳም። ጣፋጭነቱ ከስኳር 70 በመቶ ያህል ነው። ደቃቅ ካልሆነ መጀመሪያ ፍጩት፤ ሻካራው በደንብ አይሟሟም፣ ሲበላም ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ስቴቪያ ብቻውን እዚህ አይሠራም፤ ለጣዕሙ ቁንጥር ይበቃል፣ ግን የ120 ግራሙን ቦታ የሚሞላ ነገር አይኖርም። «ስኳር የሌለው» የሚል ፓኬት ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ማልቲቶል፣ ማልቶዴክስትሪን ወይም ዴክስትሮዝ የሚል ካያችሁ መልሱት። ሦስቱም የደም ስኳር ያነሳሉ።

ብርቱካን ስትመርጡ በቀለሙ አትፍረዱ። የእኛ አገር ብርቱካን በስሎም ልጣጩ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። በእጅ ሲይዙት ከበድ የሚለውን ውሰዱ፤ ጥፍራችሁን ልጣጩ ላይ ጫን አድርጋችሁ አሽትቱ። ጠረኑ ወዲያው ካልመጣ ኬኩም ውስጥ አይመጣም።

አሠራር

1. ሁሉንም ነገር ከፍሪጅ አውጡ፣ ኦቨኑን አሙቁ። እንቁላሉና ቅቤው የቤት ሙቀት ላይ እንዲደርሱ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡ። ቀዝቃዛ እንቁላል የቀለጠ ቅቤ ሲነካው ቅቤው ይረጋና ይቋጠራል። ኦቨኑን አዲስ አበባ ካላችሁ 170 ዲግሪ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ካላችሁ 165 ዲግሪ ላይ አድርጉ፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይሙቅ። መጋገሪያውን ቅቤ ቀቡ፣ ከሥሩ ወረቀት አንጥፉ። ወረቀቱን አትዝለሉት፤ የአልመንድ ኬክ ሥሩ ይጣበቃል።

2. ልጣጩን እጠቡና ፈቅፍቁ። ከውጭ የሚመጣው ብርቱካን እንዲያብረቀርቅ ሰም ይቀባል። በሙቅ ውሃ በደንብ ፈትጋችሁ እጠቡ፣ አድርቁ። ከዚያ የላይኛውን ቀለም ያለውን ገጽ ብቻ ፈቅፍቁ። ነጩ ሲታያችሁ ብርቱካኑን አዙሩት፤ ነጩ መራራ ነው፣ ሲጋገር ደግሞ ምሬቱ ይጎላል። የአገራችን ትንሿ ሎሚ ልጣጯ ስስ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ አትፈቅፍቁ። ሎሚውን የምትጨምቁት ከፈቀፈቃችሁ በኋላ ነው። የተጨመቀ ሎሚ ይልፈሰፈስና መፈቅፈቂያው አይዘውም።

3. ልጣጩን ከኤሪትሪቶሉ ጋር በጣታችሁ እሹት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህንን ነው። የብርቱካን ዘይት ልጣጩ ላይ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ተዘግቶ ነው ያለው። በጣታችሁ ከኤሪትሪቶሉ ጋር ስታሹት ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፣ ዘይቱን ኤሪትሪቶሉ ይመጠዋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ እሹት። ነጭ የነበረው ወደ ቢጫ ይዞራል፣ እንደ እርጥብ አሸዋም ጨበጥ ሲያደርጉት ይያያዛል። ቤቱ ያኔ ይሸታል። ከዚያ ከድናችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት።

4. ቅቤውን አቅልጡና አብርዱት። ጣት ሲነኩበት ለብ ያለ ብቻ ይሁን። ከዚያ በላይ ከሞቀ አስኳሉን ያበስለዋል።

5. ደረቁን ለብቻ አዘጋጁ። የአልመንድ ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን አንድ ላይ በወንፊት ንፉ። ቤኪንግ ፓውደሩ እኩል ካልተሰራጨ አንዱ ጎን ተነፍቶ ሌላው ጠፍጣፋ ይቀራል።

6. አስኳሉን ምቱ። እንቁላሉን አስኳልና ነጭ ለዩ። አስኳሉ ላይ የታሸውን ኤሪትሪቶል ጨምራችሁ ቀለሙ እስኪነጣና እስኪወፍር 3 ደቂቃ ያህል ምቱ። ቅቤውን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ ቫኒላውንና 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ቀጥሎ ደረቁን አስገብታችሁ በማማሰያ አዋህዱ። ሊጡ ወፍራም ይሆናል፤ አትደንግጡ፣ ውሃም አትጨምሩ።

7. ነጩን ምቱ። ሳህኑንና መምቻውን በተጨመቀው ሎሚ ግማሽ ውስጣቸውን አብሱ። ቅባት ቀርቶበት ከሆነ ያነሳዋል፣ የሎሚው አሲድም አረፋው ቶሎ እንዳይፈርስ ያግዛል። ጠብታ አስኳል ገብቶበት ከሆነ በደንብ አይነሳም። መምቻውን ስታነሱ የአረፋው ጫፍ ቀና ብሎ መልሶ ጎንበስ ሲል አቁሙ። ጫፉ ቀጥ ብሎ እስኪቆም አትምቱ። አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ አረፋው ኦቨን ውስጥ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል፣ ከዚያ ይሰበራል።

8. ነጩን ወደ ሊጡ አስገቡ። መጀመሪያ አንድ ሦስተኛውን አስገብታችሁ እንደፈለጋችሁ አማስሉ፤ ሊጡን ለማላላት ነው። የቀረውን በሁለት ዙር፣ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ በቀስታ አዋህዱ። ነጭ መስመር ሲጠፋ በቃ። አየሩ እንጂ ዱቄቱ አይደለም ኬኩን የሚያነሳው፤ በኃይል ስታማስሉ አየሩ ይወጣል።

9. ወዲያው ኦቨን አስገቡ። ሎሚው ቤኪንግ ፓውደሩን ከነካው ጊዜ ጀምሮ አረፋው እየተነሳ ነው። ጎረቤት መጥቶ ጨዋታ ከተያዘ አረፋው ሊጡ ውስጥ ያልቃል። የኦቨኑ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ አድርጉት።

10. ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ጋግሩ። የመጀመሪያዎቹን 30 ደቂቃዎች በሩን አትክፈቱ። አልመንድ ከስንዴ ቶሎ ይጠቁራል፤ 25ኛው ደቂቃ ላይ በመስተዋቱ እዩ፣ ላዩ ቡናማ እየሆነ ከሆነ 30 ሲሞላ ፎይል ጣል አድርጉበት። የጠረጴዛ ትንሽ ኦቨን የምትጠቀሙ ከሆነ ፎይሉ የግድ ነው ማለት ይቻላል፣ እሳቱ ቅርብ ስለሆነ።

11. መብሰሉን አረጋግጡ። ስቴኪኒ መሃሉ ላይ ሰክታችሁ አውጡ። እርጥብ ሊጥ ካልያዘና ሁለት ሦስት ፍርፋሪ ብቻ ከተጣበቀበት በስሏል። ፍጹም ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ መጠበቅ ያደርቀዋል። የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ተጠንቀቁ፦ መጽሐፎች 96 ወይም 98 ዲግሪ ይላሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ያንን ቁጥር ስትጠብቁ ኬኩ ይከስላል።

12. አቀዝቅዙት። መጋገሪያው ውስጥ እንዳለ 30 ደቂቃ አቆዩት። ትኩስ የአልመንድ ኬክ እንደ ስንዴ ኬክ ራሱን አይችልም። ቅቤው ሲረጋ ነው የሚጠነክረው። ከዚያ ገልብጣችሁ፣ ወረቀቱን አንስታችሁ፣ ሽቦ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ብትችሉ አሳድሩት። በሁለተኛው ቀን የሎሚው ጠረን ወጥቶ፣ እርጥበቱም ተመጣጥኖ ታገኙታላችሁ። በዓል ከሆነ በዋዜማው ጋግሩ።

ከላይ የሚቀባ ከፈለጋችሁ

60 ግራም የላመ ኤሪትሪቶል ላይ ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጠብ እያደረጋችሁ በጥብጡና የቀዘቀዘው ኬክ ላይ አፍስሱ። ስታቀርቡ እንጂ ቀደም ብላችሁ አትቀቡት። ኤሪትሪቶል ሲቆይ መልሶ ክሪስታል ይሠራል። አፍ ውስጥም ቀዝቀዝ የሚል ስሜት አለው፤ ያ የጤና ችግር አይደለም፣ ጠባዩ ነው።

ስለ ከተማችሁ ከፍታ

ይህ ኬክ አዲስ አበባ እሺ ብሎ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላይ እምቢ የሚልበት ምክንያት ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ በኃይል ይለጠጣል፣ ኬኩ ቶሎ ይነሳና ውስጡ ሳይጠነክር ይወድቃል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን እንቀንሳለን፣ እንቁላሉ ቶሎ እንዲያዝ ሙቀቱን ትንሽ እንጨምራለን። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያላችሁ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ሞክሩ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም አብዛኛው አውሮፓ ያላችሁ ሙሉውን 2 አድርጉ።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

*መሃሉ ሰመጠ።* ቤኪንግ ፓውደር በዝቷል፣ በሩ ቀድሞ ተከፍቷል፣ ወይም ሳይበስል ወጥቷል። ቆርጣችሁ ስታዩ መሃሉ እንደ ገንፎ ከሆነ ሦስተኛው ነው።

*መራራ ሆነ።* ነጩ ልጣጭ ገብቷል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። አሮጌ አልመንድም ይመራል፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጋችሁ ቅመሱ።

*ዘይት ወጣው።* አልመንዱ ሲፈጭ ሞቋል፣ ወይም ቅቤው ትኩስ ሆኖ ገብቷል።

*ደረቀ።* የኮኮናት ዱቄት በአልመንድ ቦታ እኩል ለእኩል ተክታችኋል። የኮኮናት ዱቄት ፈሳሽ በብዛት ይመጣል፤ የራሱ አሠራር ይፈልጋል።

*መብራት ሄደ።* ይህ የእናንተ ስህተት አይደለም፣ ግን ይጠየቃል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ከሄደ በሩን ሳትከፍቱ ተዉት፤ የቀረው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ በስቴኪኒ እዩት። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከሄደና ካልተመለሰ ግን ያ ኬክ አይነሳም። ምጣድ ላይ በቀስታ እሳት ከድናችሁ እንደ ቂጣ አብስሉት፤ ይበላል፣ ዱቄቱም አይባክንም።

ማስጠንቀቂያ

እባካችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር በሽታ እንክብል የሚወስድ ሰው የለመደውን ካርቦሃይድሬት በድንገት ከቀነሰ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱ የተመጠነው ለለመደው አመጋገብ ነው። አንድ ቁራሽ ኬክ መቅመስ ሌላ ነገር ነው፤ እንጀራውን በዚህ ልተካ የሚል ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ያነጋግር።

አልመንድ አለርጂ የሚያስነሳ ምግብ ነው። እንግዳ ካለ ሳትጠይቁ አታቅርቡ።

ብርቱካኑን በግሬፕፍሩት አትተኩ። ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱን ይወስዳል።

ኤሪትሪቶል ሲበዛ ሆድ ይነፋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ በደማቸው ውስጥ ብዙ ኤሪትሪቶል የተገኘባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ በብዛት መታየቱን ዘግቧል። ምክንያቱ ራሱ ኤሪትሪቶሉ መሆኑን አላረጋገጠም። ቢሆንም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አዘውትሮ ባይበላው እመክራለሁ። በኤሪትሪቶል ፋንታ ዛይሊቶል የምትጠቀሙ ከሆነ ፍርፋሪው ለውሻ እንዳይደርስ፤ ውሻን ይገድላል።

ካርቦሃይድሬቱ አነሰ ማለት ቀለል ያለ ምግብ ነው ማለት አይደለም። አልመንድና ቅቤ ስላለበት አንዱ ቁራሽ 250 ካሎሪ ገደማ ነው። ከቡና ጋር አንድ ቁራሽ ይበቃል።

አቀማመጥ

የተከደነ ዕቃ ውስጥ ፍሪጅ ካስቀመጣችሁት 5 ቀን ይቆያል። ውጭ ከሁለት ቀን በላይ አታቆዩት፤ እርጥበት ስላለው ይሻግታል። ለአንድ ሰው ብቻ የምትጋግሩ ከሆነ በቁራሽ በቁራሽ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፤ ሁለት ወር ይቆያል። ቡናው ሲቆላ አንዱን ብታወጡት ቶናው እስኪደርስ ለስልሶ ይጠብቃችኋል።